አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ!

መቼም እንግሊዝኛ አናውቅም አይባልም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ እንድንማር፣ ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ ደግሞ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ እንድንማር ወስኖልናል። አክቲቩን ወደ ፓሲቭ ስንገለብጥ ነው ያደግነው። ለአጭር ሥልጠና ወደ ዋሽንግተን ዲሲ የተጓዝነውም ይህንኑ ስንቅ ይዘን ነበር።

ፈተናው የጀመረው ከሰላምታ ነው። እኛ አገር ሰላምታ ቆም ተብሎ ነው፤ ጤናው፣ ቤተሰቡ፣ ሥራው ይጠየቃል። ክፍል ውስጥም መምህር ሲገባ ብድግ ብለን በኅብረት ነበር የምንመልሰው። የሆቴሉ ሠራተኛ ግን «ሃው ዩ ዱዊን» ብሎን እየሄደ ነው። እኛ «ዊ አር ፋይን፣ ታንክ ዩ፣ ኤንድ ዩ?» የሚለውን አሟልተን ስንጨርስ ሰውዬው ሊፍት ውስጥ ገብቷል።

ቀጥሎ ቡና ቤት ገባን። «ፎር ሂር ኦር ቱ ጎ?» አለችን ልጅቷ በአንድ ትንፋሽ። እዚሁ ትጠጣላችሁ ወይስ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ ማለቷ ነው። ቃላቱን አንድ በአንድ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃቸዋለን፤ ተያይዘው ሲመጡ ግን ባዳ ሆኑብን። እኛ «ዋተር» የምንለውም እዚያ «ዋደር» ነው፤ «ትዌንቲ» ደግሞ «ትዌኒ» ሆናለች።

እስከዚህ ያለው ቢያስቅ እንጂ አይጎዳም። በሦስተኛው ቀን ግን አንዱ ጓደኛችንን ጥርሱን አመመውና አጅበነው ክሊኒክ ሄድን። ነርሷ እየጻፈች፣ ቀና ሳትል፣ አሞክሳሲሊን ቢሰጠው ችግር እንደሌለበት በፍጥነት ጠየቀችው። ጓደኛችን «የስ፣ የስ» አለ፤ ፈገግ ብሎ፣ በትሕትና። ይህ ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ፔኒሲሊን አይስማማውም። አሞክሳሲሊን ደግሞ የዚያው የፔኒሲሊን ቤተሰብ ነው!

ከመካከላችን አንዷ «ፕሊስ፣ ራይት ኢት» አለቻት። ነርሷ ጥያቄውን ወረቀት ላይ ጻፈችው። ጓደኛችን ገና ዓይኑ ሲያርፍበት ገባው፤ እስክሪብቶውን ተቀብሎም «አይ ሃቭ ቢን አለርጂክ ቱ ፔኒሲሊን ሲንስ አይ ዎዝ ኤ ቻይልድ» ብሎ ጻፈ። ፕረዘንት ፐርፌክት ከነ«ሲንስ»ዋ! የሰዋስው አስተማሪያችን ቢያዩት እልል ይሉ ነበር። ነርሷም መድኃኒቱን በሌላ ቀየረችለት።

ያን ቀን ማታ ስንጫወት የተስማማንበት ነገር አለ። የክፍል እንግሊዝኛችን ከንቱ አይደለም። ማንበብና መጻፍ ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆመናል፤ ቅጽ እንሞላለን፣ ካርታ እናነባለን፣ ኢሜይል እንጽፋለን። ያላስተማረን «አልገባኝም» ማለትን ነው። ብሔራዊ ፈተናችን ምርጫ ነበር፤ ከኤ እስከ ዲ ካሉት አንዷን በእርሳስ ማጥቆር ነው። ባይገባህም ታጠቁራለህ፤ ዕድል ካለህ ታገኛለህ። ጆሮአችንንና ምላሳችንን የጠየቀን ፈተና አልነበረም። ክፍል ውስጥ ደግሞ አፉን ከፍቶ የተሳሳተ ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ይሆናል። ስለዚህ የማይገባንን ሁሉ በ«የስ» ማለፍ ለመድን። «የስ» ግን ባዶ ቦታ መሙያ አይደለም፤ መስማማት ነው። ሐኪም ፊት፣ ፖሊስ ፊት፣ ውል ላይ ሲባል ዋጋ ያስከፍላል።

ነገሩ እኮ የሚያሳፍር አይደለም። ዲሲ ራሷ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይቀናው ሰው አስተርጓሚ ያቀርባሉ፤ ሰነድ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው። አገሬው ራሱ ሰው ላይገባው እንደሚችል በሕግ አምኗል፤ የሚቀረው የእኛ ማመን ነው።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ ሻንጣ ስታዘጋጁ ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን አንዲት ዐረፍተ ነገር ክተቱ፦ «ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን፣ ፕሊስ?» እስኪ ይድገሙልኝ እንደማለት ነው። መስታወት ፊት ቆማችሁ ጮክ ብላችሁ ተለማመዷት። ሰዋስዋም ልክ ነው፤ እኛ አይተናታል።

ቸር ያሰንብተን!