ሞተሬን ለማን ትቼ ልሂድ?

ከኦክቶበር 2023 ወዲህ ለሚሉኢም (ለተጠባባቂ ጦር) በተጠራሁ ቁጥር ሞተር ሳይክሌ ምድር ቤቱ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ለሳምንታት ብቻዋን ትቀራለች። እንጀራዬ እሷ ናት፤ የጥገና ዕቃዬን የምትሸከመው እሷ።

መሪዋን መቆለፍ ብቻ አይበቃም፤ ሁለት ጎረምሳ አንስቶ መኪና ላይ ይጭናታል። ስለዚህ የሕንፃውን ኮሚቴ አስፈቅጄ ወፍራም የብረት ቀለበት ከኮንክሪቱ ግድግዳ ጋር በብሎን አሰርኩ። ሰንሰለቱን በሻንሲው አሳልፋለሁ እንጂ በፊት ጎማ አላስርም፣ ጎማ ይፈታላ! መሬት ላይም አላስተኛውም፤ ሌባው የመቁረጫውን አንድ እጀታ መሬት አስደግፎ በሙሉ ክብደቱ ይጫነዋልና።

ግራይንደር ከያዘ የማይቆረጥ ብረት የለም፤ ያኔ የሚያስጥለው ጫጫታውን ሰምቶ ብቅ የሚል ሰው ነው። ለእናቴ ይህ ቀድሞ ገብቷታል፤ ለጎረቤታችን የሰንበት ዳቦ እየላከች ወዳጅ አድርጋዋለች። እኔ ጦር ሰፈር ሳለሁ ማታ ማታ ቆሻሻ ሊጥል ሲወርድ የሞተሬን ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል፣ አንዳንዴ ድመት ወንበሯ ላይ ተኝታ።