ኮንዶሚኒየም አድሶ ለማከራየት ላሰባችሁ

ሰሞኑን «ኮንዶሚኒየም ገዝቼ፣ አድሼ ላከራይ ነው፤ ለእድሳቱ ስንት ብር ልያዝ?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር በዝቶብኛል። እኔ የቤት ነጋዴ አይደለሁም። አንድ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ገዝቼ አከራይቻለሁ፣ በቃ። የከሰርኩበትን ግን በደንብ አውቀዋለሁ።

ገንዘቡ የእኔ ብቻ አልነበረም። ግማሹን እህቴ ዱባይ ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችው ነው። ይሄን የምነግራችሁ ነገሩ ቀልድ እንዳልነበረ እንድታውቁ ነው።

ግንቦት 2016 ቤቱን ስረከብ ለእድሳት 600 ሺህ ብር መደብኩ። ቁጥሩ ከየት መጣ? አንድ ጓደኛዬ «እኔ በዚህ ጨርሻለሁ» ስላለኝ። ባለሙያ ይዤ ገብቼ ካሬውን አላስለካሁም፤ የእጅ ዋጋና የእቃ ዋጋ ለይቼ አልጻፍኩም። መጀመሪያ ያሠራሁት ለዓይን የሚያምረውን ነው፦ ጂፕሰም ኮርኒስ፣ የኪችን ካቢኔት፣ ቀለም። ሴራሚኩንና የመታጠቢያ ቤት እቃውን ለነሐሴ አሳደርኩት።

ሐምሌ 22 ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። መርካቶ ስሄድ ሻጩ የሰኔውን ዋጋ ስነግረው ሳቀብኝ። ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ፦ ከውጭ የሚገባውን እቃ አስቀድማችሁ ግዙ፤ ቀለምና ኮርኒስ ይቆያል። ሴራሚክ ስትገዙ ከለካችሁት ላይ ከመቶ አሥር ያህል ጨምሩ። የተረፈውን ካርቶን አትሽጡት፣ አልጋ ሥር አስቀምጡት። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

ብሩ ሲያጥር የት ቀነስኩ? በማይታየው ላይ። ቧንቧ ሠራተኛው «አሮጌው መስመር ይቀየር፣ ከሴራሚኩ በታች ውሃ መከላከያ ይቀባ» ብሎኝ ነበር። «ማን ያየዋል?» አልኩት። ተከራይ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ታች ያሉት እማማ ደወሉ። «ልጄ፣ የእናንተ ውሃ እኛ ቤት እየዘነበ ነው።» ወርጄ ሳይ ጣሪያቸው ጠቁሯል። አልተቆጡኝም፣ እሱ ነው የባሰ ያሳፈረኝ። ወለሉ ተፈነቀለ፣ ቧንቧው ተቀየረ፣ የእማማ ጣሪያ ተቀባ። ያንኑ ሴራሚክ ፈልጌ አጣሁ፤ ዛሬ መታጠቢያ ቤቱ ሁለት ዓይነት ቀለም አለው።

ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት የፍሳሹን አፍ ድፈኑና ወለሉ ላይ ውሃ ሙሉበት። አንድ ቀን ሙሉ ይደር። ታች ያለውን ጎረቤት አስፈቅዳችሁ ጣሪያውን እዩ። ለባለሙያውም የመጨረሻውን ክፍያ ከዚያ በኋላ ስጡ።

በድምሩ 870 ሺህ ወጣ። ቤቱ የሚከራየው 22 ሺህ ነው። ትርፍ የወጣው 270 ሺህ ብቻውን ከአንድ ዓመት ኪራይ ይበልጣል፤ ግብሩን ሳንቆጥር። «ኪራይ ጨምሬ አካክሰዋለሁ» እንዳትሉ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ ከሚወስነው አያልፍም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር መብለጥ የለበትም። ተከራይ ሆኜ ስለኖርኩ ሕጉን አልጠላውም። ግን ሒሳባችሁን ከኪራዩ ጀምሩ፦ ሰፈሩ የሚከፍለውን ጠይቁ፣ እድሳቱ በስንት ወር ኪራይ እንደሚመለስ አስሉ፣ ከዚያ ኮርኒሱን ምረጡ። የስም ማዛወሪያና የደላላ ኮሚሽንም አለ፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ደምሮ የሚይዘው ግን ጥቂት ነው። ከበጀቱም አምስት አንዱን አትንኩት፤ እኔ ቢኖረኝ ኖሮ ለእማማ ጣሪያ ብድር አልገባም ነበር።

እህቴ በየወሩ «ቤቱ መክፈል ጀመረ?» ትለኛለች። «ጀምሯል» እላት ነበር። ባለፈው ወር የወጪ ደብተሩን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ሁለት ቀን ዝም አለች። ከዚያ ደወለችና መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ እማማ ጣሪያ ነው።