የተፋቀ ቁጥር

የጥንት የብራና መጻሕፍታችንን ያገላበጠ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በአንዳንዱ መጽሐፍ፣ በጸሎቱ መካከል የባለቤቱ ስም በነበረበት ቦታ ቆዳው ተፍቆ ሌላ ስም ገብቶበታል። መጽሐፉ በውርስ ወይም በሽያጭ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ፣ አዲሱ ባለቤት የፊተኛውን ስም አስፍቆ የራሱን አስጽፎበታል። ብራና ግን ምስጢር አይጠብቅም። የተፋቀው ስፍራ ይሻክራል፤ ይሳሳል፤ ወደ ብርሃን ቢያነሡት ‹‹እዚህ ሌላ ሰው ነበረ›› ብሎ ይመሰክራል።

ጣናን ተደግፋ በተቀመጠችው ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ጋራዥ ውስጥ ያየሁት መዝገብ ግን እንዲህ ያለ አመል የለውም። የአክስቴ ልጅ ዕቁቡ ደርሶት፣ እናቱም ለጣሪያ ቆርቆሮ ያስቀመጠችውን ጨምራለት፣ በጎንደር መስመር የሚሠራበት ሚኒባስ ሊገዛ ነበርና አብሬው ሄድሁ። ቁጥሩ 86,000 ኪሎ ሜትር ይላል። ደላላው ‹‹ገና ልጅ ናት!›› ይላል። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ወጣት ግን የሌላ መኪና ዳሽቦርድ ፈትቶ፣ ከገብስ ፍሬ የማትበልጥ፣ ስምንት እግር ያላት ጥቁር ነገር አሳየን። ‹‹ጋሼ፣ ኪሎ ሜትሩ የሚጻፈው እዚች ላይ ነው›› አለኝ።

93ሲ46 የምትባለው ዓይነት ቺፕ የምትይዘው 1,024 ቢት፣ ማለትም 128 የላቲን ፊደላት ያህል ብቻ ነው። በውስጧ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ስስ ሽፋን የታጠሩ ኤሌክትሮኖች አሉ፤ ባትሪ ቢነቀልም ለብዙ ዓመታት አያመልጡም። ዶቭ ፍሮማን የተባለው መሐንዲስ በዚህ ብልሃት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢንቴል ኩባንያ ያስተዋወቀው ቺፕ የሚሰረዘው በአልትራቫዮሌት ብርሃን ነበር። ሰውዬው ብዙም ሳይቆይ ወደ ጋና ሄዶ ኩማሲ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። ኋላ የመጡት ቺፖች በኤሌክትሪክ ተሰርዘው እንደገና የሚጻፉ ሆኑ።

ሙያው በራሱ ክፉ አይደለም። ቁልፉ የጠፋበት ሰው አዲስ ቁልፍ ከመኪናው ጋር የሚተዋወቅለት፣ የተሰበረ ዳሽቦርድ ሲለወጥም እውነተኛው ኪሎ ሜትር ወደ አዲሱ የሚዛወረው በዚሁ ጥበብ ነው። ወጣቱ ቺፑን በመቆንጠጫ ይዞ ከኮምፒዩተር ጋር አገናኘ፤ ከሁሉ በፊት የነበረውን ገልብጦ አስቀመጠ። ቁጥርና ፊደል የተቀላቀሉባቸው ረድፎች ታዩ። ከእነዚያ ጥቂቱን ቢለውጥ፣ 300,000 የሄደች መኪና 80,000 ትላለች። የሻከረ ቆዳ የለም፤ የሳሳ ስፍራ የለም።

ታዲያ ቁጥር ቢዋሽ ማንን ይጎዳል? በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ታይሚንግ ቺንጋ በ100,000 ኪሎ ሜትር ግድም መለወጥ አለበት። ዕድሜው የተደበቀ ቺንጋ ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ሞተሩም ያልቃል። የሚያልቀው ግን የሻጩ ገንዘብ አይደለም፤ የአክስቴ የጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ፈተናውም እየከበደ ሄዷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። አሮጌዋ መኪና ስትወደድ፣ ወጣት የሚያስመስላት አታጣም።

ደግነቱ፣ ሁሉም ነገር አብሮ አይዋሽም። በአንዳንድ መኪኖች ሌሎች ኮምፒዩተሮችም የየራሳቸውን ኪሎ ሜትር ይይዛሉ። ይህን የሚያነብ መሣሪያ የሌለው ደግሞ የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክ፣ መሪውን፣ የሾፌሩን ወንበር ይመልከት። የ86,000ዋ ሚኒባስ ፔዳል እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል። የአክስቴ ልጅ ዝም ብሎ አየው፤ ከዚያ ደላላውን ‹‹እግዜር ይስጥልኝ›› ብሎ ወጣ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ 290,000 የምትል፣ ቺንጋዋ መለወጡ በደረሰኝ የተያዘላት ሚኒባስ ገዛ። ቤት ሲያመጣት አክስቴ አንገቷን አስግጋ ቁጥሩን አነበበች።

‹‹ልጄ፣ ይሄስ አልበዛም?››

‹‹በዝቷል እማዬ›› አላት፤ ‹‹ግን የራሷ ነው።››