ስኮትላንዳዊው ቴዎድሮስ

ለፊልም «ትሬለር» እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት ደቂቃ ያሳየንና ምራቃችንን አስውጦ ይተወናል። ለመጽሐፍም ይሠራል ቢባል ግን ደብረ ታቦር ላይ የሚያምን ጥቂት ነው። እህቴ እንኳ ልጇ ሌሊቱን ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ ተተክሎ ምን እንደሚሠራ ብጠይቃት «ለመጽሐፍ ማስታወቂያ ይለኛል፤ እኔ እንጃለት» አለችኝ።

መጽሐፉ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ነው። ስለ አፄ ቴዎድሮስ የተጻፈ ነውና ለከተማችን ልጅ ከዚህ የቀረበ አይገኝም፤ ደብረ ታቦር መናገሻቸው ነበረች፣ ጋፋትም እዚሁ አጠገባችን ነው። ካሜራ የለ፣ ተዋናይ የለ፣ ለፈረስ ኪራይ የሚሆን ገንዘብ የለ። ስለዚህ ልጁ የጌም ሶፍትዌር ያዘ። የጌም ገጸ ባሕርያትን እንደ አሻንጉሊት እያንቀሳቀሱ ፊልም መሥራት ነው፤ ፈረንጆቹ «ማሺኒማ» ይሉታል። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 «ሶርስ ፊልምሜከር»ን በነፃ ሲለቅ «ቲም ፎርትረስ 2» ከሚባለው ጌሙ ተዋጊዎቹን አብሮ ሰጠ።

ጣጣው የመጣው ከነዚሁ ተዋጊዎች ነው። ፊታቸው ከሚታየው መካከል ጥቁሩ አንድ ብቻ ነው። እሱም አንድ ዓይና፣ ያውም ስኮትላንዳዊ! በእንግሊዝ እጅ አልወድቅም ብለው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን የጠጡትን ንጉሥ ከዚያው ከብሪታንያ የመጣ ሰው ሊተውናቸው! ሳቄ አመለጠኝ። ልጁ አልሳቀም። «ጋሼ፣ ሹሩባ እሠራለታለሁ» አለኝ።

ሹሩባውንስ ሠራለት፤ ጋቢ ማልበስ ግን አቃተው። የጌም ሰው ልብሱ ገላው ላይ የተለጠፈ ነው። ጋቢ ደግሞ ሲቆጡ ወደ ኋላ የሚወረውሩት፣ ሲያዝኑ የሚከናነቡት ነገር ነው። ልጁ ሲታገል ሰንብቶ ያመጣው ንጉሥ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ በርሜል ይመስላል።

«ፊቱንም ጋቢውንም ተወው» አልኩት። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክልን ሰብለን ያሳየን ማንም አልነበረም፤ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ሰብለ ነበር የምናየው። (የኔዋ የጎረቤታችንን ልጅ ትመስል ነበር። ይህን ባለቤቴ እንዳታነብብኝ።) «የዛሬ ልጅ ሳያይ አያነብም፣ ጋሼ» ብሎ መለሰልኝ። እውነቱንም ነው፤ በየካፌው ስልኩ ላይ ያቀረቀረውን ወጣት አየዋለሁ እኮ።

የገላገለን ሴባስቶፖል ነው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው፣ ጋፋት ላይ ተሠርቶ እስከ መቅደላ ወራት የፈጀ ጉዞ የተጎተተው መድፍ። ዋናው መቅደላ ነው፤ ልጁ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለውን አምሳያውን ዙሪያውን ፎቶ አንሥቶ፣ ብሌንደር በሚባል ሌላ ነፃ ሶፍትዌር አንድ በአንድ ሠራው። ብረት ጋቢ አይለብስምና አማረለት። ጎታቾቹ ግን ከሠላሳ ሲያልፉ ኮምፒዩተሩ ይደነዝዛል፤ እሱ ሲሻለው መብራቱ ይሄዳል። ቢቸግረው ሰዎቹን ከወገብ በላይ ቆረጣቸው። አሁን የሚታየው ገመድ፣ አቧራና እግር ብቻ ነው። ንጉሡም በዚያ ጉዞ በገዛ እጃቸው መንገድ ይጠርጉ ነበር ይባላል፤ ከእግሮቹ አንዱ የሳቸው ነው። የትኛው እንደሆነ አይነግረኝም። አርባ ሴኮንድ ነው፤ ሦስት ጊዜ አየሁት።

የቀረው ድምፅ ነው። «እርስዎ ያንብቡልኝ» አለኝ ባለፈው እሑድ።

«እኔ ወጋየሁ ነኝ እንዴ?»

«ግድ የለም፤ ሶፍትዌሩ ያስተካክለዋል።»