አንድ ሚሊ ሜትር ጺም

ጺሙ ከርዳዳ የሆነ ሰው ጠዋት መስታወት ፊት ሲቆም የሚያስበው ስለ ውበት አይደለም። በምላጩ የትኛዋን ዕብጠት አሳልፎ የትኛዋን እንደሚነካ ነው የሚያሰላው። አገጩ ሥር ትናንት የደማችውን፣ መንጋጋው ጫፍ ላይ መግል የቋጠረችውን፣ ኮሌታ በነካት ቁጥር የምታሳክከውን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። እኔም ጺም ካበቀልሁ ጀምሮ ልጅ ወልጄ እስካሳድግ ድረስ እንዲህ ኖሬያለሁ፤ ለማንም ግን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ወንዶች ስለ ኳስ እናወራለን፣ ስለ ደመወዝ እናወራለን፣ ስለ ኑሮ ውድነት እያማረርን እናመሻለን፤ ስለ ፊታችን ቆዳ ግን አናነሳም። ፎቶ ሲነሳ ዘወር እል ነበር። ቆዳዬ ንጽሕና የጎደለው ይመስለኝ ስለነበር ከመላጨቴ በፊትም በኋላም ፊቴን በሳሙና እፈትገው ነበር።

መፍትሔ የፈለግሁት ከሱቅ ነበር። አንዱ ምላጭ ሲያስቸግረኝ ባለ ሁለት ገዛሁ፤ እሱም ሲያስቸግረኝ ወደ ባለ ሦስት ተሻገርሁ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ "ምን ላምጣልህ?" ሲለኝ ባለ አምስት ምላጭ አልሁት። እውነትም እጅን ሸርተት የሚያደርግ፣ ጉንጭን እንደ ሕፃን ገላ የሚያለሰልስ መላጫ ነው። ችግሩ ልስላሴው የሚቆየው እስከ ማግስቱ ብቻ መሆኑ ነው። በሦስተኛው ቀን አንገቴ በሙሉ ይነድዳል።

ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ፣ የመላጫን ታሪክ ሳነብ ነው። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1904 የባለቤትነት መብት ያገኘበት መላጫ ሁለት አፍ ያላትን አንዲት ስስ ምላጭ ብቻ የሚይዝ ነበር። ድርጅቱ በ1971 ሁለት ምላጭ ጎን ለጎን አሰለፈ፣ በ1998 ሦስት፣ በ2006 አምስት አደረሰ። የተደረደሩት ምላጮች የሚሠሩት እንዲህ ነው፦ የፊተኛው ምላጭ ጸጉሩን ከቀዳዳው ጥቂት ሳብ ያደርገዋል፤ ጸጉሩ ተመልሶ ሳይገባ የኋለኛው ይደርስበትና ይቆርጠዋል፤ የቀረው ጉቶ ከቆዳው ወለል በታች ይሰምጣል። ጸጉሩ ቀጥ ያለ ሰው በዚህ አይጎዳም፤ የሰመጠው በመጣበት መንገድ ቀጥ ብሎ ይወጣለታል። የእኛ ጸጉር የሚበቅልበት ቀዳዳ ግን ከቆዳ ሥርም ጠማማ ነው። በሰያፍ የተቆረጠው ጫፍ ይሾላል። ሲያድግ ወይ ገና ሳይወጣ የቀዳዳውን ግድግዳ ይበሳል፣ ወይም ወጥቶ ይታጠፍና ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ሰውነት የራሱን ጸጉር የወጋው እሾህ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ያብጣል፣ ይመግላል፣ ሲድን ጥቁር ጠባሳ ይተዋል።

ሐኪሞች ፕስዩዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ ይሉታል። ስትራውስና ክሊግማን የተባሉ የቆዳ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1956 በጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች ላይ አጥንተው ጽፈውበታል። ጥናቶች ችግሩ ከጥቁር ወንዶች መካከል ከ45 እስከ 83 በመቶ በሚሆኑት ላይ እንደሚታይ ይጠቅሳሉ። ይህን ሳነብ የተሰማኝ እፎይታ ነበር። የንጽሕና ጉድለት አልነበረም፤ የጸጉሬ ቅርጽ ነበር። ገንዘቤን ሳፈስስበት የኖርሁትም መላጫ ችግሩን በየደረጃው የሚያባብሰው ነበር።

ፊቴን ያዳነው ግን ንባብ አይደለም። ሐዘን ነው።

አባቴ ሲሞት እንደ አገራችን ልማድ ጺሜን ተውሁት። ለቅሶ ቤት መስታወት የሚያይ የለም። ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ይመጣል፣ ንፍሮው ይቀርባል፣ እንግዳው "እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ ይቀመጣል፤ ፊቱን የሚያስብ ማን አለ? ሳምንታት አለፉ። አርባው ሲቃረብ አክስቴ አጠገቤ ተቀምጣ አገጬን በጣቷ ነካ አደረገችና "አንተ ልጅ፣ ያ ሽፍታህ የት ሄደ?" አለችኝ። ገብቼ በመስታወት አየሁ። አንገቴ ላይ አንዲት ዕብጠት አልነበረችም። ተቆልምመው ከቆዳ የገቡት ጸጉሮች ሲረዝሙ በራሳቸው ጉልበት እየተመዘዙ ወጥተው ነበር። አሁን እንደማውቀው ጸጉር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ሲደርስ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የቆዳ ሐኪምም ሕክምናውን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ለአንድ ወር ያህል መላጨትን በማስቆም ነው።

እዚህ ላይ ለማንም ያልነገርሁትን ልናገር። ያን ቀን ደስ አለኝ። የአባቴ ፍራሽ ገና ከቦታው አልተነሳም፣ እናቴ ከል ለብሳ በር ላይ ተቀምጣለች፣ እኔ ጓዳ ውስጥ አንገቴን እየዳበስሁ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ደስታው አሳፈረኝ። ከእሱ ሞት የተረፈኝ የፊት ጥራት ነው ወይ ብዬ ብዙ ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትሁ። አሁንም ሙግቱ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋልኝም።

አርባው እንደወጣ ዘመድ ተሰብስቦ "ይብቃህ፣ ጺምህን ተላጭ" አለኝ። ወደ ሰፈራችን ጸጉር አስተካካይ ሄድሁ። አባቴን ከጎልማሳነቱ ጀምሮ ሲያስተካክሉት የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ፎጣውን አንገቴ ላይ ካሰሩልኝ በኋላ ምላጭ ሲያነሱ እጃቸውን ያዝሁና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፌ ተናገርሁት፦ "ጋሼ፣ ስላጭ ፊቴ ይቆስላል።"

ምላጩን መልሰው አስቀመጡ። "የአባትህ ነዋ" አሉኝ። "አባትህም እንደዚሁ ነበር። ምላጭ አስነክቼው አላውቅም፤ በቶንዶስ ብቻ ነው የምከረክምለት። አልነገረህም?"

አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሳቸው ዘንድ ደርሶ ሲመለስ ጉንጩ ላይ አመድ የመሰለች ስስ ጥላ ትቀር እንደነበር አስታውሳለሁ። ልጅ ሆኜ ዕድሜው ያመጣው ግድየለሽነት ነበር የሚመስለኝ። እሱ ግን መድኃኒቱን ፊቱ ላይ ይዞ ነበር የሚዞረው። አንድ ቤት ውስጥ በአንድ ሕመም የተሰቃየን አባትና ልጅ በአንድ መስታወት እየተፈራረቅን ስናይ ኖረን አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ከሽፍታው ይልቅ የሚቆረቁረኝ ይህ ነው። አባት ለልጁ ጫማ ማሰርን ያሳያል፣ ለሽማግሌ ተነስቶ መቀበልን ያሳያል፤ ጺም ሲመጣ ግን ሁለቱም ይተፋፈራሉ።

ሽማግሌው ያስተማሩኝ ቀላል ነገር ነው። ቶንዶሱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ትቶ ይከርክም፤ የቀረችው ጉቶ ከቆዳ በላይ ስለሆነች ተመልሳ አትወጋም። ምላጭ የግድ ከሆነ አንድ ምላጭ ብቻ ያለው መላጫ ይሁን፣ ስለቱም አዲስ ይሁን። ጺሙን በሞቀ ውሃ አርሶ፣ የመላጫ ክሬሙን ቀብቶ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል። ከዚያ ጸጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ብቻ፣ ቆዳውን ሳይወጥሩ፣ ሳይጫኑ፣ አንዴ ያለፉበትን ሳይደግሙ መላጨት ነው። አንገት ላይ ጸጉር በየአቅጣጫው ስለሚተኛ መጀመሪያ በጣት መዳበስ ይጠይቃል። የገባን ጸጉር በወረንጦ መንቀል ደግሞ ክልክል ነው፤ አዲሱ ከሥር ተመልሶ ይወጋል። ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየገዛን የምንቀባውን ስቴሮይድ ያለበት ቅባት በተመለከተ እኔ ልጨምር፦ ለጊዜው ያበርዳል፣ ሲለመድ ግን ቆዳን ያሳሳል። ጠባሳው እያበጠ ለሚያድግበት ሰው ትክክለኛው ቦታ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ነው።

ምላጭ መዋዋስንም አንርሳ። በኤችአይቪ ትምህርት ያደግን ትውልድ ስለት በጋራ እንደማይነካ እናውቃለን፤ ጸጉር ቤት አዲስ ምላጭ ዓይናችን እያየ ከወረቀቱ ሲወጣ ደስ ይለናል። ዕብጠት ያለበት ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይደማል፣ ጥንቃቄውም ለእኛ ዓይነቱ ሰው በእጥፍ ነው። ቤት ውስጥ ወንድማማቾች በአንድ መላጫ ሲጠቀሙ ሳይ ዝም አልልም።

ዝም የማልልበት ሌላም ጉዳይ አለ። የእህቴ ልጅ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ተቀጠረ። ደንቡ በየቀኑ ሙልጭ ብሎ መላጨት ነው። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጉንጩ የእኔን የጥንቱን ፊት መሰለ። አለቃው ደግሞ ያበጠውን አይቶ "ራስህን አትጠብቅም" ብሎ ወቀሰው። ልጁ መጥቶ ሲነግረኝ አንጀቴ ተላወሰ፤ የተወቀሰው ትእዛዙን በመፈጸሙ ነበርና። በአሜሪካ ይህ ክርክር ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ኔብራስካ ውስጥ ጺሙን መላጨት ባለመቻሉ ከፒዛ አድራሽነት ሥራ የተባረረ ጥቁር ሠራተኛ ጉዳይ ላይ፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1993 የጺም ክልከላው ጥቁር ወንዶችን ለይቶ የሚጎዳ ነው ብሎ ወሰነ፤ ደንበኛ የተላጨ ፊት ይመርጣል የሚለውንም መከራከሪያ አልተቀበለም። እኛ አገር ሠራተኛውም አለቃውም ጸጉራቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ይህን ደንብ ከየት አምጥተን እንደ ንጽሕና መለኪያ እንደያዝነው አይገባኝም። ለምግብም ለእንግዳም ንጹሕ የሆነ፣ በወጉ የተከረከመ አጭር ጺም አለ።

ልጁን የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይዤው ሄድሁ። ሐኪሟ አይታው ወረቀት ጻፈችለት፤ ጺሙ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ቢቆይ እንዲፈቀድለት የሚል ነው። አለቃው አንብቦ ትንሽ አቅማማና ፈረመበት። በሳምንቱ ልጁ ደወለልኝ። ከጥበቃ ክፍል አንዱ፣ ከወጥ ቤትም ሁለት ሠራተኞች፣ ሐኪሟ የት እንደምትገኝ በቀስታ ጠይቀውት ነበር።