ከመልካሳ የመጣ እንዝርት

ለበዓል ስጦታ ስታስቡ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ምንድን ነው? እኔ ማርኬቲንግ ክፍል ስለምሠራ ስጦታ ሲባል በጅምላ የሚታዘዝ ነገር ይታየኛል፤ አርማ የታተመበት አጀንዳ፣ ካላንደር፣ እስክሪብቶ። የአንዱ ዋጋ ስንት ነው? መቼ ይደርሳል? ለገና መልካሳ ካለችው አክስቴ የተቀበልነውን ግን በዚህ ሒሳብ ልለካው አልቻልኩም።

መጀመሪያ መንገዱን ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ አዳማ በፍጥነት መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዳማ የአሰላን መንገድ ይዛችሁ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ስትነዱ መልካሳ ናችሁ። በኦሮምኛ «መልካ» የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው፤ አዋሽም ቅርብ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 1,550 ሜትር ገደማ ስለሆነ የታህሣሥን ብርድ ሸሽቶ ለሚመጣ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ፀሐዩ ራሱ ስጦታ ነው። ልጆቼ ጃኬታቸውን ያወለቁት ገና መኪና ውስጥ ሳሉ ነበር።

በዚህ ሙቀት ሹራብ ማን ይሠራል ትሉ ይሆናል። መንገዱ ዴራንና ኢተያን አልፎ ወደ አሰላ ሲወጣ ብርዱ ይጀምራል። አክስቴ ለዓመታት የሠራችው ሹራብ ወደዚያ ለሚወጡ ዘመዶች ነበር። ለእኛ ደግሞ አንድ ዓመት ጋቢ፣ አንድ ዓመት የረከቦት ዳንቴል፣ ልጅ ሲወለድ ኮፍያ።

ዘንድሮ የሰጠችን መሣሪያዎቹን ነው። ለእኔ እንዝርት ከባዘቶ ጋር፣ ለዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ኪሮሽና ነጭ ክር።

«ዓይኔ ደክሟል የኔ ልጅ፤ የዳንቴሉን ቀዳዳ መቁጠር አቃተኝ። ሣጥን ውስጥ ከሚቀመጥ እናንተ ጋ ይሂድ» አለችን።

አመስግኜ ተቀበልኩ፤ ሆዴ ግን ባባ። ከእንግዲህ ከእሷ እጅ የሚወጣ ጋቢ የለም ማለት ነው።

ጋቢ ገዝታችሁ የምታውቁ ከሆነ ሸማኔው ጋ ከመድረሱ በፊት ምን ያህል ሥራ እንዳለው አስቡት። ጥጡ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ድሩ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉን ግን አሁንም የእናቶች እጅ ያወጣዋል። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ሞከርኩት። ግራ እጅ ባዘቶውን ይስባል፣ ቀኝ እጅ እንዝርቱን ያሾራል፤ ሲነገር ቀላል ነው። ክሬ በየስንዝሩ ተበጠሰ። አክስቴ እየሳቀች ትቀጥልልኛለች፤ እጇ ዓይኗን አይፈልግም።

መልካሳ ሌላም የክር ታሪክ አላት። ከተማዋን ያስጠራት እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የግብርና ምርምር ማዕከል በቦሎቄ፣ በበቆሎና በማሽላ ዝርያዎቹ ይታወቃል፤ የሐር ትልም ያጠናል። አንዱ የሐር ትል ዓይነት የሚበላው የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል ሲሆን ሌላው፣ ኤሪ የሚባለው፣ በየአጥሩ ጥግ የሚበቅለውን የጉሎ ቅጠል ይወዳል። የመጀመሪያው ትል ቤቱን የሚሠራው ከአንድ ረጅም ክር ነው፤ ክሩ እንዳይቆረጥ የእሳት ራቷ በስታ ሳትወጣ ይቀቀላል። የኤሪ ቤት ግን በአንድ በኩል ክፍት ስለሆነ ራቷ በሕይወት ትወጣለች፤ የቀረው እንደ ጥጥ ተባዝቶ በእንዝርት ይፈተላል። ልብ በሉ፣ ያቺው የአክስቴ እንዝርት! አዲስ አበባ ውስጥ ሳባሃር የተባለው ድርጅት በእጅ ከተፈተለ ሐር ሻርፕ ያሠራል፤ አይታችሁት ይሆናል። ማዕከሉን ለልጆቻችሁ ማሳየት ካማራችሁ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ዝም ተብሎ የሚገባበት መናፈሻ አይደለም።

በእጅ የተሠራ ስጦታ ለልጆቻችን እንግዳ ነው የሚለውን አልቀበልም። በእንቁጣጣሽ መላእክትና አበባ ሥለው፣ ቀለም ቀብተው ለጎረቤት የሚያዞሩት እነሱ አይደሉም እንዴ? እንዲያውም ኪሮሹን ከእኔ ቀድማ የለመደችው ልጄ ናት። አክስቴ ሰንሰለቱን አንድ ጊዜ አሳየቻት፤ አዳማ ሳንደርስ የመኪናው ወንበር ላይ ክንድ የሚያህል ሠርታ ነበር። አሁን በየማታው ከቤት ሥራ በኋላ ትቀመጣለች። የምትሠራው የረከቦት ዳንቴል ነው፤ ለፋሲካ መልካሳ ይሄዳል። ቀዳዳዎቹን ሰፋ አድርጋ ነው የምትሠራው፣ አክስቴ በጣቷ እንድትቆጥራቸው።

ነጩ ክር ስላለቀ ቅዳሜ መርካቶ እንሄዳለን።