የእናት ስም ያለበት ጠርሙስ

ራጂቭ ሳማንት ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ተምሮ፣ ሲሊከን ቫሊ ውስጥ ኦራክል በተባለው ኩባንያ ይሠራ ነበር። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሁሉንም ትቶ ወደ ሕንድ ተመለሰ። ማረፊያው ከሙምባይ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ናሺክ አጠገብ የሚገኘው የቤተሰቡ መሬት ሆነ።

ወይን ጠጅ መጥመቅ መጀመሪያ በሐሳቡም አልነበረም። ማንጎ ሞከረ፤ ጽጌረዳ ሞከረ፤ ቲክ የሚባለውን የጣውላ ዛፍም ተከለ። ለገበታ የሚሆን ወይንም አለማ። ናሺክ የሚበላ ወይን በሽበሽ የሆነበት አካባቢ ነው፤ ጠጅ የሚጠምቅበት ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። ይህን ያህል ዘለላ የሚያሸክም አፈር ለጠጅ ለምን አይሆንም?

ኬሪ ዳምስኪ የተባለ የካሊፎርኒያ ጠማቂ አማከረ። በ1997 ሶቪኞ ብላንና ሸኒን ብላን የተባሉትን ዝርያዎች ተከለ።

ከባዱ ነገር ወቅቱ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ሐረጉን ብርዱ ያስተኛዋል። ናሺክ ግን ያን የመሰለ ብርድ የላትም፤ ዝናቡም እንደ እኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። የበሰለ ዘለላ ዝናብ ካገኘው ይሻግታል። ስለዚህ ገበሬው በዓመት ሁለቴ ይገርዛል፦ በሚያዝያ ገደማ አዲስ ቅርንጫፍ እንዲያወጣ፣ ዝናቡ ሲያበቃ ደግሞ ፍሬ እንዲይዝ። ለቀማው ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ወቅት ይሆናል። ብርድ የነፈገውን መቀስ ይሰጠዋል። እኛም አገር ካስቴል የተባለው የመጠጥ ኩባንያ በባቱ፣ በቀድሞ ስሟ በዝዋይ፣ ያለማው የወይን እርሻ እንዲሁ የአውሮፓን ብርድ በማያውቅ ምድር ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጠርሙስ በ2000 ገበያ ወጣ። ስሙ ሱላ ነው፤ ከእናቱ ከሱላብሃ ስም የተወሰደ።

ግን ማን ይግዛው? አገሩ የውስኪና የቢራ ነው፤ የአልኮል ማስታወቂያ ደግሞ በሕንድ ክልክል ነው። ሳማንት በ2005 እዚያው እርሻው ላይ የመቅመሻ ክፍል ከፈተ። ከውሳኔዎቹ ሁሉ ብልሁ ይህ ይመስላል። ከሙምባይ የሚመጣ እንግዳ ሐረጉን አይቶ፣ ብርጭቆ አንስቶ፣ አቀማመሱን ተምሮ ይመለሳል። ማስታወቂያው እንግዳው ራሱ ሆነ።

የኩባንያው አክሲዮን በታኅሣሥ 2022 ለሕዝብ ተሸጠ። የሚጨመቀው ወይን አብዛኛው ግን ዛሬም ከአካባቢው ገበሬዎች ማሳ ይመጣል፤ ከሱላ ጋር የረጅም ጊዜ ውል አላቸው። ለቀማው ሲደርስም ዘለላው በሣጥን በሣጥን ሆኖ ወደ መጥመቂያው በር ይገባል።